ስምንት ሰዓት ብዬ ነበር

ባለፈው ሰሞን ልጄ አዲስ ስልክ ገዝታ፣ በድሮው ስልኳ የነበረውን ፎቶና ቁጥር ወደ አዲሱ ልታሻግር አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኩ ይጠይቃታል፤ እሷ ሳታነብ «እሺ፣ እሺ» እያለች ትጫነዋለች። «ቆይ እስቲ፣ ምን እያለሽ ነው?» አልኳት። «ያው መጠባበቂያውን ልመልስልሽ ወይ ነው የሚለው፣ እማዬ» አለችኝ ሳቅ ብላ። እጇን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ስነግራት ሳቋን ተወችው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አባቴ ኮልፌ አጠና ተራ አጠና ይሸጥ ነበር። እኔ የታይፕ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ አንድ የውጭ የእርዳታ ድርጅት ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ጸሐፊ ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ጸሐፊ ብለው ቀጥረው ያስቀመጡኝ ግን ኮምፒዩተር ፊት ነው። በሰፈራችን ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ያየ ቀርቶ ስሙን የሰማ ሰው አልነበረም። አባቴ «ልጄ የሚያስብ ማሽን ታሠራለች» ብሎ በየሄደበት ሲያወራ፣ አንዲት ጎረቤታችን መጥታ ዶሮዋን ማን እንደሰረቀባት ጠይቂልኝ አለችኝ። አይችልም ብላት «ታዲያ ምኑን አሰበው?» ብላ ሄደች።

ማሽኑ የግቢውን ምርጥ ክፍል ይዟል። እኛ በክረምቱ ብርድ ስንንዘፈዘፍ ለእሱ ሙቀቱ ተለክቶ፣ አቧራ እንዳይነካው መጋረጃ ተጋርዶለት እንደ አራስ ይጠበቅ ነበር። የኔ ሥራ ከሐኪሞቹ የሚመጣውን ወረቀት እያየሁ በካርድ ላይ በቀዳዳ መክተብና ካርዱን ለማሽኑ ማጉረስ ነው። ማሽኑ የሚይዘው የልብ ሕመምተኞችን መዝገብ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን አሟቸው፣ ሳይታከሙ ቀርተው ሕመሙ ልባቸው ላይ የወረደባቸው። ሕመሙ እንዳይመለስባቸው በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ምን መድኃኒት፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሰጠው የሚያሳይ ካርድ ያትማል፤ መርፌ የሚወጉት ድሬሰሮች ካርዱን ይዘው ወደየጣቢያቸው ይሄዳሉ። ድሬሰር ካርዱ ያለውን ያደርጋል። ማሽን የጻፈውን ማን ይጠይቃል?

አለቃዬ አቶ ጌታሁን ይባላሉ። ገና በጎልማሳነታቸው ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምረው የመጡ፣ ትሑት፣ ነገር የማያካብዱ ሰው ነበሩ። ማሽኑን ለእኔ ሲያስረዱኝ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረም። የማሽኑ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሃያ አራት የሚቆጥር ነበር፤ ማሽኑ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነዋ። በእጃችን ያሰርነው ግን የሐበሻ ሰዓት ነው። ሁለቱን እያቀያየርን ስንሠራ ግራ ተጋብተን አናውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከሐኪሙ አንድ አጭር ትእዛዝ መጣልኝ። ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ሳንሱሲ ውስጥ አንዲት ልጅ ባለፈው ወር ከመርፌው በኋላ ሰውነቷ አብጦ፣ ተሸፋፍና ተኝታ እንደነበር ከእናትየዋ ሰምታለች። እናትየዋ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጥታታለች፤ ለጣቢያውም አልተናገረችም። ሐኪሙ ግን ነገሩ ስለገባው «ለዚህች ልጅ ፔኒሲሊን ከእንግዲህ በፍጹም አይሰጥ፣ ሁለተኛ ብትወጋ ትሞታለች፣ በሌላ ክኒን ይተካ» ብሎ ጽፏል። ስሟን ሳይ ፈገግ አልኩ። ትርሲት ሐብቴ። ሞክሼዬ ናት፤ እኔም ትርሲት ነኝ። ትርሲት የሚባል ሰው እንደ ልብ አይገኝምና ስሜ ሲጠራ ከእኔ ሌላ ዞሮ የሚያይ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ካርዱን በስቼ ለማሽኑ ሳጎርሰው «አይዞሽ ሞክሼ፣ ከመርፌ ገላገልኩሽ» አልኩ ለራሴ።

ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ወዲያው ቢመለስም ማሽኑ ታመመ። የሚያትመው ሁሉ የተዘባረቀ ሆነ፤ የአንዱ ስም ከሌላው አባት ጋር፣ የአስኮው ሕመምተኛ ዘነበወርቅ። እኔ ያን ጊዜ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ፈሪ ለእናቱ የሚባለው ለእኔ ነበር። የማሽኑን ቁልፍ እንኳ ለመንካት ፈርቼ፣ ከተማ ስብሰባ ሄደው የነበሩት አቶ ጌታሁን እስኪመጡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

መጡ። ኮታቸውን አውልቀው የታተመውን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ ተበላሽቷል። ግን አትደንግጪ፣ ቅጂው አለን» አሉኝ።

ቅጂው እንዲህ ነው። በየማታው የመዝገቡ ሙሉ ግልባጭ በቴፕ ይቀዳል። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የሚደረገው ለውጥ ደግሞ ከነሰዓቱ በሌላ ቴፕ ይያዛል። ዲስኩ ቢበላሽ የትናንት ማታው ግልባጭ ይመለሳል፤ በላዩ የዛሬው ለውጥ ይጨመራል። ማሽኑ ግን ይህን ሁሉ በራሱ አያደርግም፤ እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው በአንዲት ካርድ ላይ ምርጫው ተበስቶ ሊሰጠው ይገባል።

አቶ ጌታሁን የካርድ መብሻው ማሽን ፊት ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ።

«መጀመሪያ የሚጠይቀን የት ልመልሰው ነው» አሉ እየበሱ። «ያለውን ደምስሼ በላዩ ልጻፍበት፣ ወይስ በሌላ ዲስክ ለብቻው ላስቀምጥ? በሌላ ዲስክ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አመሳክረን እናየው ነበር።»

«ሌላ ዲስክ አለን እኮ።»

«አለ፣ ግን አጽድተን እስክናዘጋጀው ይመሻል። የነገ ካርዶች ዛሬ ካልታተሙ ድሬሰሮቹ ጠዋት ባዶ እጃቸውን ነው የሚሄዱት። በላዩ ይጻፍ።» በሱት። «ቀጥሎ፣ ሁሉንም ነው ወይስ የተወሰነውን? ሁሉንም።» በሱት። «የዛሬው ለውጥ ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት ያለው ይጨመር? ከተበላሸ በኋላ ያለውን ቆሻሻ መልሰን እንዳናስገባ። መቼ ነው መዘባረቅ የጀመረው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። መብራት ሄዶ ሲመለስ።»

«ስምንት» አሉና በሱት።

ማሽኑ ቴፑን እያሽከረከረ ብዙ ቆየ። ሲጨርስ የሕመምተኞቹን ቁጥር አተመልን፤ ከጠዋቱ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ከየጣቢያው ጥቂት ስም መዝዘን አየን፤ ሁሉም ቦታ ቦታው ገብቷል። አቶ ጌታሁን እንደ ልጅ ደስ አላቸው። «ተመልከቺ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ» አሉኝ። ካርዶቹ ታተሙ፤ እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እራት ላይ ለአባቴ ማሽኑ ሞቶ እንደተነሣ ነገርኩት። «ተዝካሩን ሳትበሉ?» ብሎ አሳቀን።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ የድርጅቱ መኪና ድሬሰሮቹን ይዞ ከወጣ ቆይቷል። እኔ የታተሙትን ካርዶች ካርቦን ኮፒ በየጣቢያው እየለየሁ ማኅደር ውስጥ አስገባ ጀመር። የሳንሱሲው ጋ ስደርስ ስሜን አየሁት። ትርሲት ሐብቴ። ከጎኑ፣ ፔኒሲሊን፣ በመርፌ።

የማየው ትናንት ትእዛዙ ከመግባቱ በፊት የነበረ አሮጌ ኮፒ ነው ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። አይደለም፤ የዛሬው ነው። የሐኪሙን ትእዛዝ ከተጠናቀቁት ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። እዚያው አለ፤ ገብቷል ብዬ የፈረምኩበትም አለ። ወረቀቶቹን ይዤ የማሽኑ ክፍል ገባሁ።

«አቶ ጌታሁን፣ ይቺ ልጅ እንዳትወጋ ትናንት አስገብቼ ነበር። ካርዷ ግን ተወጊ ይላል።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር ያስገባሽው?»

«ጠዋት፣ አራት ሰዓት አካባቢ።»

«እንግዲያው ሊኖር ይገባል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ሁሉ...» አሉና ቆሙ። የትናንቷን ካርድ ከመሳቢያ አወጡ። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ቀዳዳዎቹን አነበቡ። ዜሮ ስምንት።



«ስምንት ሰዓት ብለሽኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ብዬ ነበር። የቀኑን ስምንት ሰዓት ነዋ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩት። ለዚያ ሰዓትና ለማሽኑ የቀኑ ስምንት ሰዓት አሥራ አራት ነው። ስምንት ከተባለማ ገና ሥራ ያልገባንበት፣ እኛ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት የምንለው ነው። ማሽኑ የታዘዘውን አደረገ፤ የዕለቱን ለውጥ ሁሉ ትቶ የማታውን መዝገብ ብቻ መለሰ። ለውጡ ትእዛዝ ነው እንጂ አዲስ ሕመምተኛ ስላልሆነ ቁጥሩ ልክ መጣልን። የአቶ ጌታሁን ጆሮ አማርኛ ሰማ፣ እጃቸው ፈረንጅኛ በሳ። ያን ያህል ዓመት ከማሽን ጋር የኖረ እጅ ነው፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ቀዳዳዋን እያየሁ ትክክል መስላኛለች።

አቶ ጌታሁን ስልኩን አነሱ። ስልክ ያላቸው ጣቢያዎች ሁሉ መርፌውን እንዲያቆሙ ተነገራቸው። ሳንሱሲ ስልክ አልነበረውም። ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ለውጡን በሌላ ዲስክ መልሼ ሌላ የጠፋ ትእዛዝ እንዳለ ማየት አለብኝ። ከእኔ በቀር የሚያደርገው የለም። ታክሲ ይዘሽ ሂጂ።»

«እኔ?»

«አንቺ፣ ትርሲት። ቶሎ።»

እየሮጥኩ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ያገኘሁት ታክሲ ሰይቸንቶ የምትባለዋ ትንሽ አሮጌ ፊያት ናት። ባለታክሲው ወጣት ነው፤ ሌላ ሰው ለመጫን ፌርማታ ላይ ሊቆም ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«እባክህ አትቁም። ሳንሱሲ አድርሰኝ። ሰው ሊሞት ነው።»

«ማን ነው የሚሞተው?»

«ትርሲት የምትባል ልጅ።»

«ዘመድሽ ናት?»

«አይቻት አላውቅም።»

በመስታወቱ ገልመጥ አድርጎ አየኝ። ጤነኛ አልመሰልኩትም መሰለኝ፤ ቢሆንም ነዳ። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በአህያና በጭነት ተሞልቷል። ጡሩምባውን ሲነፋ አህዮቹ ጭራሽ ይቆማሉ። እኔ ወንበሩን ጨምድጄ ይዤ በልቤ ተራ እቆጥራለሁ። አሁን ድሬሰሩ አንዱን ወጋ፣ አሁን ሌላዋን ጠራ። የስሟ መነሻ ፊደል «ት» መሆኑ ትዝ አለኝና በፊደል ተራ ከጠራ ትቆያለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ወዲያው ደግሞ ማን በፊደል ይጠራል፣ የደረሰ ነው የሚወጋው አልኩ። እመ ብርሃንን ለመንኳት፤ ስለት ተሳልኩ፤ የተሳልኩትን ስለት ሳልጨርስ ሌላ ተሳልኩ።

አስኮን አልፈን ወደ ጣቢያው የሚወስደው አቀበት ጋ ስንደርስ መኪናው ጭቃ ላይ ተንሸራተተ።

«ከዚህ በላይ አይወጣም፣ እህቴ» አለኝ ባለታክሲው።

በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም። ጣቢያው አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ከሩቅ መጮህ ጀመርኩ።

«ትርሲት! ትርሲት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማንን ነው የምትፈልጊው?»

«ትርሲትን።»

«አንቺስ ማን ነሽ?»

«ትርሲት ነኝ» አልኩና የማወራው ለራሴም እብደት መሰለኝ። ሴትዮዋ ለቀቀችኝ።

የጣቢያው ድሬሰር ጋሽ ሽፈራው፣ ድሮ የጦር ሠራዊት አስታማሚ የነበሩ ሽማግሌ፣ በር ላይ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ትርሲት ሐብቴ የምትባል ልጅ መጥታለች?»

«መጥታለች። ወግቻት ሄደች።»

«መቼ?»

«አሁን። እጄ እኮ ገና አልደረቀም። ምነው?»

«መወጋት አልነበረባትም። ይገድላታል» አልኩ። ጋሽ ሽፈራው «ካርዱ እኮ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቦርሳቸውን ብድግ አድርገው «በዚህ ነው የሄዱት» እያሉ ከፊቴ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ተንደረደሩ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ይሮጣሉ ብሎ የሚያምን የለም።

እናትና ልጅ ሩቅ አልሄዱም። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፤ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን መዳፏን እያፋተገች ታካለች። እናትየዋ እትዬ ጥሩነሽ ጎንበስ ብለው ያዩአታል።

«እጄን በላኝ፣ እማ» ትላለች። «እግሬንም።»

ጋሽ ሽፈራው ተንበርክከው አንገቷን፣ ደረቷን አዩ። ቆዳዋ ላይ ደም የመሰለ ሽፍታ ተንደርክኳል። እያየሁት ከንፈሯ አበጠ። ዓይኗ በእብጠት ተሸጎጠ።

«ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለች። ድምፁ የሷ አይደለም፤ ከአፏ የወጣው የሽማግሌ ድምፅ ነው። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ወደ ጎን ዘንበል አለች። ራሷ መሬት ሳይነካ ያዝኳት።

«ምች ነው!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ባለፈውም እንዲህ አድርጓት ነበር። ዳማከሴ ላምጣላት፣ ልቀቋት!»

«እትዬ፣ አይደለም» አልኩ። ልጅቷን ከእጄ ሊወስዱብኝ ይታገላሉ፤ እኔ አልለቅም። ጋሽ ሽፈራው ከቦርሳቸው ሥር ለክፉ ቀን የያዟትን አንዲት የአድሬናሊን ብልቃጥ አወጡ። የብልቃጧን አንገት ሲሰብሩ ጣታቸውን ቆረጣቸው። ደሙ እየነጠበ ልጅቷን ወጓት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ልነግራችሁ አልችልም። ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም። ልጅቷ አየሩን ለመሳብ ስትታገል ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደረቷ ውስጥ ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱ ባቆመ ቁጥር ሞተች እላለሁ። ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ «ሞክሼ፣ አትሂጂ፣ እባክሽ አትሂጂብኝ» እያልኩ ለማላውቃት ልጅ አለቀስኩ። ሞት ያን ያህል ቅርብ ሲመጣ የሚሸት ነገር እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ። ወይም የራሴ ላብ ነበር፤ እንጃ።

ጋሽ ሽፈራው የእጇን ምት ይዘው ቆዩና «መጣ፤ ደሟ እየተመለሰ ነው። ግን ይሄ አያዛልቅም፣ ሆስፒታል» አሉ። ተሸክመናት ወደ ዋናው መንገድ ስንወጣ ያ ባለታክሲ አልሄደም፤ መኪናውን ማዞሪያ አጥቶ ጭቃው ውስጥ ይንገላታል። ያየውን አይቶ አንድ ቃል አልጠየቀም። የመንደሩ ሰው ሰይቸንቶዋን በትከሻው ገፍቶ አወጣት። እናትየዋ፣ ጋሽ ሽፈራውና እኔ ልጅቷን ጭናችን ላይ አጋድመን ሄድን። የመልሱን መንገድ አላየሁትም፤ ዓይኔ ደረቷ ላይ ነበር።

ሆስፒታል አስገቧትና በሩ ተዘጋ። እኔና እትዬ ጥሩነሽ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከሆስፒታሉ ስልክ ደውዬ ነግሬያቸው ነበርና አቶ ጌታሁን ያለ ኮታቸው እየሮጡ መጡ። ለውጡን በሌላ ዲስክ፣ እስከ አሥራ አራት ብለው መልሰው ከታተመው ጋር አመሳክረዋል፤ ከጠፋው ውስጥ መርፌን የሚመለከተው የሷ ብቻ ነው፣ የቀረው የመንደርና የስም እርማት ነው። ይህን እየነገሩኝ ግድግዳውን ተደገፉ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣ። «ትተርፋለች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር» አለ።

እትዬ ጥሩነሽ መሬቱን ሳሙ። ሲነሡ ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጄ ምን ሆና ነው?»

ዝም ብንል ምች ነው ብለው ይቀበሉ ነበር። እኔንም ደርሳ አዳነችልኝ ብለው ሊያመሰግኑኝ ነበር። አቶ ጌታሁን ጀመሩ። «እመቤት፣ መረጃው ሲመለስ በምርጫው ላይ...» አሉና የሚቀጥለው ቃል ጠፋባቸው።

«ምች አይደለም፣ እትዬ» አልኩ። «መርፌው ነው። ባለፈውም እሱ ነበር። ሐኪም ሁለተኛ እንዳትወጋ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ እኛ ቤት ጠፋ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«ሰዓት ተሳሳትን። እኔ ስምንት ሰዓት ብዬ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ሌላ ስምንት ሰዓት ጻፉ።»

እትዬ ጥሩነሽ አንዴ እኔን፣ አንዴ አቶ ጌታሁንን አዩ።

«ሁለታችሁም የምታወሩት አማርኛ አይደለም እንዴ?»

አቶ ጌታሁን አንገታቸውን ደፉ። ሴትየዋ ይጮሃሉ፣ ፖሊስ ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ እጄን አፍጥጠው ያያሉ።

«አንቺ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ? ልጄ ተርፋለች እኮ።»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ሌላ አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ፊት ሄደው ቆሙ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን አደረገኝ ብትሉ፣ ጀግና አላደረገኝም። ሰው «ደፍረሽ ሄድሽ» ሲለኝ እናደዳለሁ፤ የሄድኩት በፍርሃት ነው፤ የተመለስኩትም በፍርሃት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፍርሃቴ ጨለማና ነጎድጓድ፣ ሌላም የማይረባ ነገር ላይ ይባክን ነበር። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሰጠሁት። በማሽን ሥራ ላይ እስከ ጡረታ ስኖር ከቅጂ የሚመለስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለብቻው፣ በጎን ይመለሳል እንጂ ባለው ላይ አላስጽፍም። እስከ መቼ ያለው ይመለስ ሲባል ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፌ፣ ድምፅ አስወጥቼ አስነብባለሁ። ልክ ነው ወይ ብዬ ቁጥር ብቻ አልቆጥርም፤ መጨረሻ የተለወጠውን ነገር ፈልጌ በዓይኔ አያለሁ። ወጣቶቹ ከኋላዬ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እናንተም ስልካችሁ «ያለውን ልተካው?» ሲላችሁ የጠየቃችሁን አንብቡት። የሚጠፋው ነገር ሲጠፋ ድምፅ የለውም፤ ማሽኑም ጨርሻለሁ ብሎ ነው የሚነግራችሁ።

የእትዬ ጥሩነሽ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ልጅቷ ከሆስፒታል ወጥታ ክኒን ቢታዘዝላት እናትየዋ ወይ ፍንክች አሉ። ከእኛ ቤት የመጣ ነገር በልጃቸው አፍ እንደማይገባ ምለው ተገዘቱ። ሐኪሙ ለመናቸው፣ ጋሽ ሽፈራው ሽማግሌ ሰብስበው ሄዱ። ክኒኑን ካልወሰደች ደግሞ ሕመሙ ተመልሶ ልቧን ሊጨርሰው ነው፤ ከመርፌ ያተረፍናት ልጅ በእናቷ ፍርሃት ልትሞትብን ነው። በመጨረሻ እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ላኩብኝ። «ያቺ ስትንቀጠቀጥ የነበረችው ትምጣ» ብለው።

ሄድኩ። ክኒኑን ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር አመሳክሬ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ደግሜ አይቼ፣ በራቸው ላይ ደርሼ ሦስተኛ አየሁት። እትዬ ጥሩነሽ በሩን ከፍተው ክኒኑን ሳይሆን ፊቴን ነው ያዩት።

«ፈርተሻል?» አሉኝ።

«ፈርቻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ግቢ። ስጫት» አሉ።

ልጅቷ አድጋ ከቤታቸው እስክትወጣ ድረስ በየወሩ ክኒኑን ያደረስኩላት እኔ ነኝ። በመካከሉ መንግሥት ተለወጠ፣ ድርጅቱ ተዘጋ፣ መድኃኒቱ ከሌላ ቦታ ይመጣ ጀመር። እትዬ ጥሩነሽ ግን በር ላይ ጥያቄያቸውን አንድም ወር አልተዉትም፤ እኔም አንድም ወር መልሴን መዋሸት አላስፈለገኝም።